ከደፉ ቀጥሎ ያለችው ሴራሚክ

ጥቅምት 9
ከቀዶ ጥገናው አሥራ ሁለተኛው ቀን

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ ወኔዬ ይከዳኛል። እናትሽ ያረፈች ሰሞን «ስለ እኔ ምን ብላ ሞተች?» ብለሽ በሰው አስጠይቀሽኝ፣ «ምንም» ብዬ መልሼልሽ ነበር። ውሸቴን ነው።

ይኸው፣ ተናገርኩት። አሁን እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። «ልጄ» ብዬ ልጀምር ፈልጌ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። እንጀራ አባትሽ እንደዚያ ብሎ የመጥራት መብቱን በገዛ አፉ ያጣ ሰው ነውና፣ ያለ ስም መጀመሬን ይቅር በይኝ።

የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። ሦስት መስመር ብትሆንም ትራሴ ሥር ናት። ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ የቀኙ ጉልበቴ ነው። የግራው ተራውን እየጠበቀ ነው። ሐኪሙ አጥንቱን ከላይም ከታችም ቆርጦ ብረትና ፕላስቲክ ገጠመበት። አርባ አንድ ዓመት በጉልበቴ እየዳህኩ የሰው ወለል ሳነጥፍ ኖሬ፣ በመጨረሻ እኔም ላይ ሰው አነጠፈ። በቀን ሦስት ጊዜ በረዶ አስርበታለሁ፤ ደም እንዳይረጋ ሆዴ ላይ መርፌ እወጋለሁ። ትራስ ከጉልበቴ ሥር ማድረግ ተከልክያለሁ፤ ከቁርጭምጭሚቴ ሥር ካልሆነ ጉልበቴ ጎብጦ ይቀራል አሉኝ።

ማን አለ አጠገብዎ ላልሽው፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ልክ ይመጣል። ትንሽ ሳለሽ በሲሚንቶ ጋሪ ይገፋሽ የነበረው የሥራ ጓደኛዬ። ሲራመድ ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል ነው የወለል ማስተካከያ መሣሪያችንን ስም ያወጣንለት። ውሃ ያሞቅልኛል፣ ካልሲ ያጠልቅልኛል። «ቁንጫዋ እንዴት ናት?» ይለኛል፣ እናትሽ ያወጣችልሽን ስም አንስቶ። ወሬዬን ለአንቺ ያደረሰው እሱ እንደሆነ አውቄበታለሁ። እጁ ልክ አለው፣ አፉ ግን ልክ የለውም።

አሁን ወደ ውሸቴ። ወለል የሚነጠፈው ከውስጥ ወደ በር ነው፤ ሠራተኛው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ሴራሚክ ምንጊዜም ከደፉ ቀጥሎ ያለችው ናት። ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ የጀመሩት አንድ ልማድ ነበረን። ያቺን የመጨረሻዋን ገልብጠን ከእርሳስ ጋር ለቤቱ እመቤት እንሰጣታለን። ጀርባዋ ላይ የልቧን ትጽፋለች፤ እኛ ሳናነብ እናነጥፋታለን። የስንቱን ቤት እንዲህ አድርጌ አንዱንም አላነበብኩም። የእናትሽን አነበብኩ።

የገዛ ቤታችንን ወለል የጨረስኩ ለት ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። አንቺ ከወጣሽ ሁለት ዓመት ሆኖሽ ነበር። «እንዳታነብ» ብላ ሰጠችኝ። እሺ አልኳትና ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቅኩ። የጻፈችው ስለ አንቺ ነበር። አነጠፍኳት። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ማንበቤን አልነገርኳትም። ማወቄን ብነግራት የጻፈችውን መፈጸም ነበረብኛ።

በአፏ ምንም አላለችም፣ እውነት ነው። በእጇ ግን ብላለች።

እንጀራ አባትሽ


ጥቅምት 24

ለእናቴ ባለቤት፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

እንደሚያውቁት እኔ የምተዳደረው በፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው ማመልከቻ ሲያስጽፍ መጀመሪያ ጤናውን ይነግረኛል፣ ቀጥሎ ችግሩን፣ ቀጥሎ ፀፀቱን። የሚፈልገው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የእርስዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጨረሻ የለውም። እኔው ልጨርስልዎት፦ «ስለሆነም መጥተሽ እንድታስታምሚኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ተሳሳትኩ?

በሁለት እግርዎ ሲቆሙ አላስፈለግኩዎትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለች ሴራሚክ ዛሬ በምን አፍ አወጣች?

እናቴን በዓመት ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ተራ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር የማገኛት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች። ስለ ጉንፋኔ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ ቤት ኪራዬ ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን እንኳ «ነይ ግቢ» አላለችኝም። ከእርስዎ አልጠበቅኩም። ከእሷ ግን ሁልጊዜ ስንለያይ እጠብቅ ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ። በኋላ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ነው አልኩና ተውኩት። ከሁለታችሁም አፍ ያን አንድ ቃል ሳልሰማ እናቴ ሞተች።

በቀብሯ ቀንም ከግቢው በር ላይ ቆሜ ነበር። መስኮቱ ጋ ማን እንደነበረ አይቻለሁ።

ካርዱን የላክሁት እሷ ብትኖር እንድልክ ትፈልግ ስለነበረ ነው። ሌላ ትርጉም አይስጡት።

ትራሱን ግን እንዳሉዎት ከቁርጭምጭሚትዎ ሥር ያድርጉ።


ኅዳር 4

እንደምን ሰነበትሽ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ተቆጥተሽ መጻፍሽም ጥሩ ነው፤ የእናትሽም ቁጣ እንዲህ አጭርና ንጹሕ ነበር።

ማመልከቻዬን ጨርሰሽልኛል። «ተሳስተሻል» ብዬ ልምልልሽ ስል፣ መማል ምን እንዳደረገን ትዝ አለኝና ተውኩት። ራሴን ብመረምር ግማሽ ልክ ነሽ። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንት ቤት ተቀምጬ መነሳት አቅቶኝ፣ ውሃ ልክ በብብቴ ገብቶ ሲያነሳኝ «ልጅ በአጠገቤ ቢኖር» የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ልደብቅሽ አልችልም። በክራንች ቆሞ የሚናገር ሰው ይቅርታውም ልመና ይመስላል። እንግዲህ አሁን ምንም አልጠይቅሽም።

ዛሬ በምን አፍ አወጣች ላልሽው፣ በክራንቹ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ከአልጋዬ እስከ በሩ እየተመላለስኩ እንድራመድ ታዝዣለሁ። የክራንቹ ጎማ ሌላው ወለል ላይ ሲያርፍ ድምፁ ድፍን ነው። ከደፉ ቀጥሎ ስደርስ ግን «ኮ» ይላል፣ ባዶ። ሴራሚክ እንዲህ የሚጮኸው ሥሩ ሲሚንቶ ሳይሞላ ሲቀር ነው። የሰነፍ ሥራ ነው፤ በዚህ ስንት ሠራተኛ አባርሬያለሁ! የገዛ ቤቴ በር ላይ ያለውን ግን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ያን ለት ሲሚንቶውን ጽሕፈቷ ላይ ላሳርፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ማዕዘኖቿ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጌ ገለበጥኳት። ጽሕፈቷን ማጥፋት አልቻልኩም፤ የተጻፈውን መፈጸምም አልቻልኩም።

እናትሽ ያቺን ሴራሚክ ረግጣት አታውቅም። ቅርጫት ተሸክማም ቢሆን፣ እግሯ ካበጠም በኋላ ቢሆን ተሻግራት ትገባ ነበር። «ምነው፣ እርጥብ ነው እንዴ?» ይሏታል እንግዶች። «ለምዶብኝ ነው» ትላለች። እኔ ለምን እንደሆነ እያወቅኩ ጋዜጣዬን እገልጣለሁ።

ስለ መሐላው ታውቂያለሽ፣ ግን በእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም። ሳትነግሪን አግብተሽ ለምርቃት ወደ ሥራ ቦታዬ መጣሽ። «ማንን አስፈቅደሽ?» አልኩሽ። «አባቴማ ሞቷል፤ አንተ ወለል ሠሪ ነህ» አልሽኝ። ወለል ሠሪ መሆኔ ውሸት አልነበረም። ያቃጠለኝ ሠራተኞቼ መሳቃቸው ነው። በእነሱው ፊት «ይቺ ልጅ እግሯ ወለሌን አይረግጥም» ብዬ በፈጣሪ ስም ማልኩ። ከዚያ ወዲያ መሐላ የሚጠብቅ፣ ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ እያልኩ ኖርኩ። አሁን ተጋድሜ ሳስበው፣ ስፈራው የኖርኩት ፈጣሪን ሳይሆን የእነዚያን ሰዎች ሳቅ ነው።

መስኮቱ ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነበር። ያኔ በገዛ ጉልበቴ እሄድ ነበር።


ኅዳር 19

እንደምን ሰነበቱ።

ውሃ ልክ ትናንት ስልክ ደውሎ «አባትሽ እንደ ሕፃን ዳዴ እያለ ነው» አለኝ። «አባቴ አይደለም» ልለው አፌን ከፍቼ ሳልለው ቀረሁ። ለመሆኑ ጉልበትዎ ስንት ዲግሪ ታጠፈ? ማንበቤ አልቀረም፤ ከዘጠና በላይ ካልታጠፈ ደረጃ ያስቸግራል ይላል።

አንድ ነገር ልንገርዎት። አንድ ዓመት እናቴ አውቶቡስ ተራው ላይ የቤት ጫማ ሰጠችኝ፤ ሰማያዊ፣ በእግሬ ልክ። «እቤቴ አለኝ እኮ» አልኳት። «ይኼ ለሌላ ወለል ነው፤ አስቀምጪው» አለችኝ። አልገባኝም፤ ዕድሜዋ ነው ብዬ ሳቅኩ። ተከፋች መሰለኝ፣ ሰዓቷን አየች። እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ አለ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አውጥቼ ሥራ ቦታዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ደንበኛ «ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። አለቀስኩበት። ሰውዬው ማመልከቻውን ሳይወስድ ሄደ።

ምን እንደጻፈች ይንገሩኝ። ቃል በቃል፣ ሳያሳምሩ። ካልሆነም ውሃ ልክ ሴራሚኳን ያንሳትና ፎቶ ይላክልኝ። ሁለት ዓመት «ምንም» የሚለውን ቃል ይዤ ኖሬያለሁ፤ አሁን መጠበቅ አቅቶኛል።


ታኅሣሥ 3

እንደምን ሰነበትሽ። ዘጠና ስምንት ደርሷል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ አዛዧ ነው የምላት። ትናንት በፕላስቲክ መለኪያዋ ለካችኝና «ዘጠና ስምንት!» አለች።

«ያንቺ መለኪያ ተጣሟል፤ ዘጠና አምስት ነው» አልኳት።

«አባባ፣ ወለሉን እርስዎ ይለኩ፣ ጉልበቱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«መቼ ነው መንበርከክ የምችለው?»

«ለጸሎት ከሆነ ተቀምጠው ይጸልዩ፤ ይሰማል።»

«ለሥራ ነው።»

«ለሥራማ ሦስት ወር ሳይሞላ ተንበርክከው ካገኘሁዎት፣ እኔ ራሴ ነኝ የምሰብርልዎት» ብላ እግሬን ወደ መቀመጫዬ ገፋችው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የቀረው ሕመም እንዲህ ሲታጠፍ ብቻ ነው። ከጠባሳው በስተ ቀኝ ያለው ቆዳ ግን ሲነኩት አይሰማኝም፤ የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል።

ውሃ ልክን አማክሬዋለሁ። «አንተ ቁጭ ብለህ እዘዝ፣ እኔ በአምስት ደቂቃ አነሳታለሁ» አለኝ።

«አንተ ያነሳኸው ሴራሚክ መቼ ሳይሰበር ወጥቶ ያውቃል?»

«ያንተ ሥራ ስለሚጠብቅ ነዋ!»

ሥሯ ባዶ መሆኑን አልነገርኩትም። በእሱ እጅ እንድትነሳም አልፈለግኩም፤ የዘጋኋት እኔ ነኝ።

ቃሉን በልቤ አውቀዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ «ምንም» ብሎ የመለሰ አፍ ነው። ዛሬ ብጽፍልሽ «አሳምሮ ፈጥሮ ነው» ትያለሽ፤ ብትዪም አልፈርድብሽም። በእጇ ጽሕፈት እዪው። እስከ ጥር ታገሽኝ።

ትናንት ከሰዓት ዝናብ ነበር። በሩን ከፍቼ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ፣ በረዶ አስሬ ተቀመጥኩ። እናትሽ ከውጭ ስትገባ ኮቴዋ ሁለት ነበር፤ ደፉ ላይ አንድ፣ ከዚያ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ወዲህ ማዶ አንድ። ጓዳ ሆኜም ቢሆን በዚያ መሐል ባለችው ዝምታ እሷ መሆኗን አውቅ ነበር። ድምፅዋን አልረሳሁትም፣ ፊቷንም። የምትናፍቀኝ ግን ያቺ ዝምታ ናት። የጎረቤት ሰው ሲገባ፣ አዛዧ ስትገባ፣ ውሃ ልክ ሲገባ እየቆጠርኩ አዳምጣለሁ። ሁሉም ይረግጧታል። «ኮ» ትላለች። ዝም ብሎ የሚሻገር ሰው በዚህ ቤት የለም።


ታኅሣሥ 18

ጋሼ፣

የሚፈሩት መሰበሯን ነው ወይስ መነበቧን?

ከተነሳች ላኩልኝ። እንድመጣ አይጠብቁ። እኔ እዚያ በር ላይ አንድ ጊዜ ቆሜ ተመልሻለሁ፤ ሁለተኛ ለመቆም አቅም የለኝም።

በልጅነቴ «አንተ» ነበር የምልህ። «እርስዎ» ማለት የጀመርኩት ለመራቅ ብዬ ነው። ዛሬ እጄ ደክሞታል፣ ልተወው። በጋሪው ስትገፋኝ ትዝ ይለኛል፤ ውሃ ልክ አልነበረም፣ አንተ ነበርክ። ውሃ ልክ ከፊት እየሮጠ መንገድ ያስለቅቅ ነበር። ለምን ለእሱ እንደሰጠኸው አላውቅም።

አትቸኩል። ሦስት ወር ካሉህ ሦስት ወር ነው።


ጥር 8
መቶ አንደኛው ቀን

ልጄ፣

ወረቀት አልቀደድኩም፤ በአንድ ጊዜ ወጣ።

ጋሪውን ለውሃ ልክ የሰጠሁት እንዳታስተባብዪኝ ፈርቼ ነው። «አንተ አልነበርክም» ከምትዪኝ፣ አስቀድሜ ልሽሽ ብዬ። የፈራኸው ምኑን ነው ላልሽውም፣ መነበቧን ነበር። ስለዚህ ሐኪም ባይከለክለኝም ኖሮ እዘገይ ነበር መሰለኝ። መዘግየቴ ግን ሌላም ምክንያት ነበረው፣ እነግርሻለሁ።

አዛዧ ባለፈው ሐሙስ «መቶ አሥራ አምስት! ከእንግዲህ ትራስ ላይ መንበርከክ ይችላሉ፤ ቀስ ብለው፣ የሚይዙት ነገር እያለ» ብላ ፈቀደችልኝ። ትናንት ያለ ክራንች ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ።

«ምንድን ነው የሚልኩት?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ወለል።»

«ወለል?»

«አንድ ፍሬ።»

«ይሰበራል እንዴ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተረግጦ አልተሰበረም።»

«እኛ ጋ አንድ ሳምንት ይበቃዋል። በደንብ ይጠቅልሉት» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ውሃ ልክን ሰበብ ፈልጌ ላክሁት። በሩን ከፈትኩ፣ ትራስ አነጠፍኩ፣ የበሩን እጀታ ያዝኩና ወረድኩ። መጀመሪያ ግራው፣ ከዚያ አዲሱ። ብረቱ ውስጥ «ቀጭ» አለ፤ እኔም ባዶ እንደምጮህ ያን ጊዜ ሰማሁ። በአራቱ ጎን ያለውን ነጭ ሲሚንቶ በቢላ ፋቅኩት። ቀጭን መሮ ከጥጓ ሥር አስገብቼ በመዳፌ መታ መታ አደረግኩ። አንዱ ማዕዘን ለቀቀ። ሁለተኛው ለቀቀ። ሦስተኛው ላይ መሮውን አስቀምጬ ላቤን ጠረግኩ። አራተኛውን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ሙሉ ሆና ወጣች።

ገለበጥኳት። እርሳሱ ትንሽ ግራጫ ሆኗል እንጂ ይነበባል። ፊደሎቿ እንደምታውቂያቸው ወደ ላይ የሚወጡ ናቸው። እንዲህ ይላል፦

«አምላኬ፣ ቁንጫዬ ይህችን ሴራሚክ ትርገጥልኝ። እሷ ሳትረግጥ እኔ አልረግጥም።»

በልቤ የያዝኩት ይህንን ነበር። ከታች ግን ትንሽ ጽሕፈት አለ። ያን ለት ከጓዳ ትመጣብኛለች ብዬ ስጣደፍ የተጻፈበት ቀን መስሎኝ አልፌው ነበር። ቀን አይደለም። «እሱንም አለዝብልኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም» ይላል።

ልጄ፣ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ከተንበረከክሁ አይቀር ብዬ ጸለይኩ። ጉልበቴ ካመመኝ ጀምሮ ተንበርክኬ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው። መሐላዬን በስሙ ለማልኩበት ጌታ መልሼ ሰጠሁት፤ ሳልጠብቀው ብኖር ኖሮ ይሻል እንደነበረም ነገርኩት። ከዚያ መነሳት አቃተኝ። ሳቄ መጣ። ለመውረድ እንጂ ለመነሳት አላሰብኩበትም ነበር! እጀታውን ይዤ፣ እያማጥኩ ተነሳሁ። ማንም አልረዳኝም።

መዘግየቴ ለዚህ ነበር። አሁን ክራንቹ ከአልጋ ሥር ነው። ውሃዬን አሞቃለሁ፣ ካልሲዬን አጠልቃለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ። ውሃ ልክም ከነገ ጀምሮ ለጨዋታ ካልሆነ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ። አንቺ ማመልከቻ ታውቂያለሽ፤ ይኼ የችግረኛ ማመልከቻ እንዳልሆነ ትለዪዋለሽ። የሚያስታምመኝ ሰው አያስፈልገኝም። አንቺን ነው የናፈቅኩት።

የሴራሚኳን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ሌላ አላስገባሁበትም፣ ሲሚንቶም አላቦካሁም። እንግዳ ሲመጣ «ተሻገሩ» እላለሁ። እኔም እሻገራለሁ፤ ደፉ ላይ አንድ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ወዲህ ማዶ አንድ።

ሴራሚኳን በእናትሽ ሻርፕ ጠቅልያታለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትደርስሻለች። ስትገልጪያት ከእሷ ጽሕፈት በታች የሌላ እጅ ታያለሽ። የሥራ እርሳሴን ቀርጬ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ፤ ፈራሁ፣ ተነሳሁ፣ እስከ በሩ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ያን የሚገባሽን አንድ ቃል ጻፍኩት።

«ግቢ።»